የኋላ ዲፍረንሻል ይጮኻል፤ ልክፈተው ወይስ ልቀይረው? (ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ ደሴ)

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የምነዳው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው፣ አጭሯ። በፈረንጅ 1974 የተሠራች፣ ሞተሯ 2.25 ቤንዚን። ከአጎቴ ነው የደረሰችኝ። አጎቴ በሕይወት እያለ ማንም እንዲነካት አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ምኗ እንደተፈታ ምኗ እንዳልተፈታ የሚነግረኝ ሰው የለም።

አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስወጣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማ ከሚያካፍለው ከዲፍረንሻሉ፣ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ አለ። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ደግሞ ይብሳል። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ «ቋ!» ትላለች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

ሁለት ሰው አማክሬአለሁ። አንዱ «ሙሉውን ዲፍረንሻል ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራ አስመጣና ተገላገል» አለኝ። ሌላው ጆሮውን ደፍቶ አዳመጠና «ወፍራም ዘይት ላይ ሰጋቱራ ጨምርበት፣ ዝም ይላል» አለ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ከምሩ ነበር።

ሞተር ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁ። ዲፍረንሻል ግን ነክቼ አላውቅም። ከፍቼ ልየው ወይስ አርፌ ልቀመጥ?

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ልጄ፣ ይከፈታል።

ሰጋቱራውን እርሳው። ሰጋቱራ የሚጨምረው መኪና የሚሸጥ ሰው ነው፤ የሚነዳ ሰው አይጨምርም። ሁለት ሳምንት ዝም ያሰኝልሃል፣ ከዚያ ኩሽኔቱ (ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ውስጥ ገብቶ ዘይት ይከለክላል። ስንት መኪና ሰጋቱራ ጠርጌ አውጥቻለሁ።

እኔ ያረጀሁት በአሰብ መንገድ ይመላለሱ የነበሩ ከባድ መኪናዎች ሥር ተኝቼ ነው። ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር፦ ዲፍረንሻል ከመክፈትህ በፊት በጆሮህ ክፈተው። መቼ ነው የሚጮኸው? ነዳጅ ስትሰጥ ብቻ ከሆነ ጥርሱን ጠርጥር። እግርህን ስታነሳ የሚብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ኩሽኔት ላልቷል። ብትሰጥም ብታነሳም የማይለወጥ፣ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ የኮሮናው (የትልቁ ጥርስ) የጎን ኩሽኔት ወይም የጎማው ኩሽኔት ነው። ቀጥታ ስትሄድ ዝም ብሎ ስትጠመዝዝ ብቻ የሚያጓራ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች እይ።

«ቋ» የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ድምፅ ሳይሆን ልቅነት ነው። በመጀመሪያ ክሮቼራውን (የትራስሚሲዮኑን መገጣጠሚያ) እይ። ስንቱ ሰው ክሮቼራ ተበልቶበት ዲፍረንሻል ገዝቷል መሰለህ።

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ክሮቼራዎቹን በእጄ ወዘወዝኳቸው፣ ደህና ናቸው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንስቼ ፒኞኑ ላይ ያለውን ፍላንጅ ያዝኩት፤ ወደ ላይ ወደ ታች ስገፋው ትንሽ ይላወሳል። ፓራኦሊዮውም (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ዘይት ያነባል።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። የእጅ ፍሬን ይዤ ነው ክሪክ ያደረግኩት። ጎማዋ ከመሬት ስትነሳ መኪናዋ ቁልቁል ልትሄድ ነበር! ቤቴ ደግሞ አቀበት ላይ ነው፣ ደሴ ምን ሜዳ አላት። ድንጋይ ባላደርግ ጎረቤት አጥር ላይ ነበረች።

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

አላህ ነው ያተረፈህ። ይኼን ሁሉም ያንብበው።

የሲሪስ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም። ከካምቢዮው ኋላ ነው ያለው፣ የሚይዘው ትራስሚሲዮኑን፣ ወደ ዲፍረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ትራስሚሲዮኑ ቢያዝም ዲፍረንሻሉ ግራና ቀኝ ጎማ በተቃራኒ እንዲዞር ይፈቅዳል። አንዱን ጎማ ካነሳህ የተነሳው በአየር ላይ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ይንከባለላል። ፍሬን የለህም ማለት ነው። ሽሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ስትመዝማ ጭራሽ የለም።

ሥራውን ሜዳ ላይ ሥራ። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በእንጨት አግድ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ማስቀመጫ አይደለም፤ ከሥር ጠንካራ መደገፊያ አስገባ።

የፍላንጁ መላወስ ግን ነገሩን ግልጽ አደረገው። የፒኞን ኩሽኔት ነው። ክፈተው።

---

ነፋስ_ቀዳጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ መክፈትህ ካልቀረ ለምን 3.54 አታስገባም? የድሮው ሬንጅሮቨር ዲፍረንሻል ልክክ ብሎ ይገባል፣ ሽሚያሱም ይገጥማል። ያንተ 4.7 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ትራስሚሲዮኑ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ80 ስትነዳ ሞተሯ ታለቅሳለች። 3.54 ብታደርግ መንገድ ላይ ዝም ትላለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለህ። እኔ አድርጌው ደስ ብሎኛል።

---

ቶርኖ_ቤት (ደሴ)

አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ደስ ይላል። ሐረጎ ላይ እንገናኝ።

ሒሳቡን እንይ። 4.7 ለ3.54 ሲካፈል 1.33 ነው። ሁሉም ማርሽ በሲሶ ረዘመ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚያች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ትወጣለህ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ 2.25ቷ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቷን ታጣለች። ሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ ትወጣለህ፣ ከጭነት ጋር ደግሞ በአንደኛ። ምን ተረፈህ?

ሌላም አለ። የኋላውን ብቻ ከቀየርክ ባለ አራት ጎማውን ማርሽ በጭራሽ አታስገባ። የፊቱ 4.7፣ የኋላው 3.54 ሆኖ ሁለቱ ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ የሆነ ነገር ይሰበራል። ሁለቱንም ቀይር ወይም ሁለቱንም ተው።

አስቀድመህ ያንተ እውነት 4.7 መሆኑን አረጋግጥ፤ አጎትህ ምን እንዳደረጉ አይታወቅም ብለሃል። ካምቢዮው ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ የፊት ጎማዎች ታግደው፣ አንዱን የኋላ ጎማ አንሳ። ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር ስታዞር (ሌላው ጎማ ስለቆመ እንደ አንድ ዙር ነው) ትራስሚሲዮኑ ከአራት ዙር ተኩል በላይ ከዞረ፣ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ፣ 4.7 ነው። ሦስት ተኩል ከሆነ ሰው ቀድሞህ ቀይሮታል።

---

ነፋስ_ቀዳጅ (አዲስ አበባ)

እሺ፣ ተሸነፍኩ። የፊቱን እኔም አልቀየርኩም 😅 ማርሹን ዛሬውኑ በገመድ አስረዋለሁ።

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ (ደሴ)

እኔ ላንድሮቨር የለኝም፣ የአባቴን ዲኤክስ ነው የምነዳው። ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብዬ ነው።

አምና የፒኞኗ ፓራኦሊዮ ዘይት ያፈስ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ትልቁን ዳዶ ፈታ፣ ፓራኦሊዮውን ቀየረ፣ ዳዶውን መልሶ በረጅም ቧንቧ እየተወጠረ አጠበቀው። «እንዳይፈታ ነው እቴ» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ዲፍረንሻሉ መጮህ ጀመረ። ፓራኦሊዮ ልቀይር ሄጄ ኩሽኔት ቀይሬ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም።

---

ቶርኖ_ቤት (ደሴ)

እኔ ላስረዳሽ። በዲኤክሷ ፒኞን ላይ፣ በሁለቱ ኩሽኔቶች መካከል፣ ስትጨመቅ የምትሸበሸብ ቀጭን የብረት ቱቦ አለች። ዳዶው የኩሽኔቱን ጥብቀት የሚወስነው እሷን በመጨፍለቅ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀች አትመለስም። ልጁ በቧንቧ ሲወጥር ይበልጥ ጨፈለቃት፣ ኩሽኔቱ ከልክ በላይ ታነቀ፣ ጋለ፣ ተቃጠለ። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት በነጥብ ምልክት ማድረግ፣ ሲመለስ ምልክቱ ላይ ማቆም ነበረበት። አዲስ ኩሽኔት ሲገባ ቱቦዋም አዲስ መሆን አለባት።

የሲሪስ ላንድሮቨር እንዲህ አይደለም። በቱቦዋ ፈንታ ጠንካራ ስፔሰርና ቀጫጭን ሮንዴላዎች ናቸው ያሉት። ሮንዴላ ስትቀንስ ኩሽኔቱ ይጠብቃል፣ ስትጨምር ይላላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ግን ሰው ጉልበቱን አሳይቶ አያበላሸውም።

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ (ደሴ)

አንድ ዓመት ሙሉ «የሴት አነዳድ ነው» ሲሉኝ ነበር እኮ! አመሰግናለሁ።

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ከፈትኩት! ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ከአራት ዙር ተኩል በላይ ቆጠርኩ፣ 4.7 ናት። አጎቴ አልነኳትም። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ግቢ ሜዳ ላይ አቆምናት። መጀመሪያ ዘይቱን በሳፋ ለቀቅኩት። የወጣው ዘይት ሳይሆን ቡና በወተት ነው የሚመስለው። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ሳፋው ውስጥ አዋኘሁት። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ብናኝ ያዘ። ምስር ክክ የሚያካክሉ ሦስት የብረት ቅርፊቶችም ወጡ።

በእያንዳንዱ ጎን ስድስት ስድስት ቡሎን ፈትቼ ሽሚያሶቹን መዘዝኳቸው። ጎማ እንኳ ማውለቅ አላስፈለገኝም፣ ይኼን ያሰበ እንግሊዝ ይባረክ። ትራስሚሲዮኑን ምልክት አድርጌ አራቱን ቡሎን ፈታሁ። ከዚያ ዙሪያውን አሥር ዳዶ። ዲፍረንሻሉ ሲወጣ ክብደቱን አልጠበቅኩም፣ ጓደኛዬ ባይኖር ደረቴ ላይ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አድርገን በላምባ አጠብነው። ከማጠባችን በፊት ጋሼ በስልክ እንዳሉኝ የጎን ኩሽኔቶቹን ክዳኖች በነጥብ ምልክት አደረግኩ። ግራው አንድ ነጥብ፣ ቀኙ ሁለት።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርሶች ያበራሉ፣ ጉድጓድ የለም፣ የተሸረፈ የለም። ሁለቱም ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ነው። በዳያል ጌጅ የለካሁት የጥርሶቹ ክፍተት ግን 0.60 ሚሊ ሜትር! የፒኞኑ የውስጥ ኩሽኔት መንገድ ዝጎ ተቦርቡሯል፣ ቅርፊቶቹ ከሱ ናቸው። ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች የሚያርፉባቸው ሮንዴላዎች እንደ ወረቀት ሳስተዋል። ጥርሶቹን የሚሸከመው መስቀለኛ ዘንግ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አውጥቷል።

ጥያቄዬ፦ ኮሮናና ፒኞኑን ልቀይር? አንድ ነጋዴ «ፒኞን ብቻውን አለኝ፣ አዲስ ነው» ብሎኛል።

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

ፒኞን ብቻውን የሚሸጥልህን ሰው ሰላም ብለህ እለፈው። ኮሮናና ፒኞን ከፋብሪካ አብረው ተፋጭተው የወጡ ናቸው፣ ቁጥሩ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። አንዱን ከሌላ ጋር ካጋባህ ዕድሜ ልክህን ሲጨቃጨቁ ትሰማለህ። ያንተ ጥርሶች ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ ጉድጓድም የላቸውም። አትለያያቸው።

«ቋ» ያልከው ያ የሳሳው ሮንዴላና የተበላው መስቀለኛ ዘንግ ነው። ጩኸቱ ኩሽኔቱ ነው። ኩሽኔቶችን፣ ሮንዴላዎችን፣ መስቀለኛ ዘንጉን፣ ፓራኦሊዮዎችንና ጓርኒሲዮኑን ቀይር። ኩሽኔት ስትገዛ «ለላንድሮቨር» ብለህ አትጠይቅ። ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘህ ሂድ። ካርቶኑን ሳይሆን ኩሽኔቱን ራሱን አንብብ፤ ካርቶን ማንም ያትማል።

አሁን ግን እኔ ልጠይቅህ። ዘይት ቡና በወተት የሚመስለው ውኃ ሲገባበት ነው። ውኃው ከየት ገባ?

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ከክረምት መሰለኝ። አጎቴ ገጠር ሲሄዱ ወንዝ ያቋርጡ ነበር።

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

ወንዝማ ሁሉም ያቋርጣል። አክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች፣ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅ። ዲፍረንሻል ሲሠራ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ በእሷ ይወጣል። እሷ በጭቃ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ከዚያ የጋለውን አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትነክረዋለህ። አየሩ ይኮማተራል፣ አክስሉም በዚያው በፓራኦሊዮ በኩል ውኃ ይምጋል። ሂድና ፈትተህ ንፋባት።

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ድፍን! በመርፌ ነው የከፈትኳት። ይቺን የምታህል ነገር…

---

ቶርኖ_ቤት (ደሴ)

ስትገጥመው ከውስጠኛው ኩሽኔት የውጭ ቀለበት ጀርባ ያለችውን ሮንዴላ እንዳትጥላት። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል እንደሚጠጋ የምትወስነው እሷ ናት። በማይክሮሜትር ለክተህ መጀመሪያ በዚያው ውፍረት መልስ። ቀለበቱን በነሐስ ዘንግ እየዞርክ አውጣው፣ በብረት መዶሻ አትቀጥቅጠው።

ከዚያ የጎን ማስተካከያዎቹን አዙረህ ክፍተቱን ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር አምጣው። አንዱን ስታላላ ሌላውን በዚያው ልክ አጥብቅ፣ ኮሮናው ይንሸራተታል፣ የኩሽኔቱ ጥብቀት ግን አይለወጥም። ክፍተቱን አንድ ቦታ ብቻ ለክተህ አትመን፣ ኮሮናውን እያዞርክ አራት ቦታ ለካ። የኮሮናው ጀርባ ሲዞር ከ0.10 በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ ቆሻሻ ገብቷል ማለት ነው፣ ፈትተህ አጽዳ።

ከሁሉም በላይ አሻራውን እይ። ስምንት አሥር ጥርስ ላይ ቢጫ የዘይት ቀለም ስስ አድርገህ ቀባ። ኮሮናውን በእንጨት እንደ ፍሬን እየተጫንክ ፒኞኑን ወዲያና ወዲህ አዙር። ቀለሙ የተነሳበት ቦታ ጥርሶቹ የሚነካኩበት ነው። አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኞኑ ርቋል፣ ሮንዴላ ጨምር። ወደ ሥሩ ከወረደ ቀርቧል፣ ቀንስ። ከሁለቱ የጎን ጫፎች ወደ አንዱ ካዳላ ግን ጉዳዩ የኮሮናው ነው። ወደ ውጭው ሰፊ ጫፍ ከሆነ ኮሮናውን አስጠጋ፣ ወደ ውስጠኛው ጠባብ ጫፍ ከሆነ አርቅ። መሐል ላይ ሆኖ ጥቂት ወደ ጠባቡ ቢያዳላ ጥሩ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ወደ ውጭ ይሸሻል።

በአንድ ጊዜ ይሳካልኛል ብለህ አትጠብቅ። ዳያል ጌጁን ማቆሚያ ካጣህ የኔን ና ውሰድ።

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ፈታሁ።

በመጀመሪያው አሻራው ጥርሱ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አዲሱ ኩሽኔት ከአሮጌው ትንሽ ይለያል መሰለኝ። 0.05 ጨመርኩ፣ ወደ መሐል ወረደ። በሁለተኛው ፒኞኑ በእጅ አልዞር አለኝ፣ የጥብቀቱን ሮንዴላ አብዝቼ ቀንሼ ነበር። መለስኩ። በሦስተኛው ፒኞኑ ሲዞር ከበድ ብሎ፣ ግን ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ማር ሆነ። ክፍተት 0.22። አሻራው መሐል፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ ትንሽ ያዳላ። ፎቶ አንስቼ ለቶርኖ_ቤት ላክሁለት። «ዝጋው፣ እንዳትነካው» ብሎ መለሰልኝ።

የሃይፖይድ ዘይት 90፣ 1.7 ሊትር ገደማ ገባ። ቀስ ብዬ እስከ ሐይቅ ከተማ ሄጄ አቆምኳት። አክስሉን በእጄ ነካሁት፣ ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ (ደሴ)

ማሻአላህ! ያንኑ ዘይት ካምቢዮዬ ውስጥም ብጨምረው ይሆናል? ተርፎህ ከሆነ ብዬ 🙂

---

ቶርኖ_ቤት (ደሴ)

አይሆንም እቴ። ጣሳው ላይ ጂኤል 5 የሚል ካለ ለዲፍረንሻል ነው። ጥርስ እንዳይበላ የተጨመረበት ነገር በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ለካምቢዮሽ መመሪያው ያዘዘውን ግዢ።

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ዛሬ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጣኋት፣ ከአራት ሰውና ከአንድ ኩንታል ጤፍ ጋር። «ቋ» የለም። ነዳጅ ስሰጥ ጸጥ ያለች ናት፤ የላላ ዕቃ የሚንቋቋበትን ቦታ ሁሉ አሁን ነው የሰማሁት።

ግን አልዋሽም። ሜዳው ላይ 60 ላይ ሆኜ እግሬን ሳነሳ ቀጭን ድምፅ አለ። እንደ ወባ ትንኝ። ተሳሳትኩ?

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

አልተሳሳትክም። ጥርሶቹ ሃምሳ ዓመት በላላ ኩሽኔት ላይ ነው የተላመዱት። አንተ አዲስ ኩሽኔት ሰጥተህ ቦታቸውን አስተካከልክ፣ እነሱ ግን የለመዱትን ቦታ ያስታውሳሉ። ድምፁ ካልጨመረ ተወው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ለውጥ፣ ማግኔትህን መልሰህ አዋኝ፣ ምን እንደያዘ ንገረኝ።

የፊቱን መተንፈሻ አይተሃል?

---

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

አሁን ወርጄ አየሁት ጋሼ።

ድፍን ነው።

---

ክሪክና_ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ሳፋውን አዘጋጅ፣ ቡናው ካንተ።